ወርቁ መተከል፣ ድንጋዩ ጣና ዳር፦ ማዕድን በአለት ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

ጥያቄ፦ "ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ለቤት መሠረት የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ከሐሙሲት አካባቢ ካለ ካባ አስመጣን። ሲፈለጥ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዎቹን ነጭ ነገር ሞልቷቸዋል። አንዱ ላይ ደግሞ ቢጫ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። ታላቅ ወንድሜ መተከል ወርቅ ያጥባል። እሱ ጋ ኖሮ እኛ ጋ ለምን የለም? ወርቅ ጠጣር ነገር ሆኖ ሳለ በድንጋይ ውስጥ እንዴት ተጉዞ አንድ ቦታ ይሰበሰባል? ጣና ስር ወርቅ አለ የሚሉ ሰዎችም አሉ። እውነት ነው?"

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ "የት አለ?" ብቻ ነው። አንተ "እንዴት እዚያ ደረሰ?" ብለሃል። እኔ የሥነ ምድርን ሙያ የወደድኩት በዚህችው ጥያቄ ነው። ምዕራቡን የአገራችንን ክፍል ድንጋይ እየሰበርኩ ብዙ ዓመት ዞሬበታለሁ። አሁን መኖሪያዬ እንዳንተው ባሕር ዳር ነው። ስለዚህ የወንድምህንም ድንጋይ፣ ያንተንም ድንጋይ አውቃቸዋለሁ።

አንዳንድ ወርቅ አጣቢዎች "ወርቅ ይበቅላል" ይላሉ። ክረምት ወጥቶ ወደዚያው ወንዝ ሲመለሱ አዲስ ወርቅ ስለሚያገኙ ነው። የሚያገኙት ግን ጎርፍ ከላይ ያመጣውን ነው። ወርቅ አይበቅልም። ይሰበሰባል እንጂ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ወርቅም፣ መዳብም፣ ዚንክም ሁሉ ቦታ አሉ። ችግሩ መበተናቸው ነው። አንድ ቶን ተራ ድንጋይ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ሚሊግራም ወርቅ አለ። አንተ ቤት መሠረት ውስጥም ይኖራል። መዳቡማ በብዙ ይበልጣል። እንዳንተ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ እኛ ባዛልት የምንለው፣ በቶን ወደ 100 ግራም መዳብ ሊይዝ ይችላል። ግን ማን ያወጣዋል? ጣና ውስጥ ዓሣ ሞልቷል፤ ከዳር ቆመህ እጅህን ብትከት ግን ቆሮሶ አትይዝም። መረብ ያስፈልጋል።

ቁጥሩን ለማየት ያህል፦ ወርቅ ለማውጣት ባብዛኛው በቶን ከ1 ግራም ያላነሰ ይፈለጋል። ይህ ማለት ተራው ድንጋይ ውስጥ ካለው 500 ወይም 1,000 እጥፍ መከማቸት አለበት። መዳብ በቶን 5 ኪሎ ገደማ ሲሆን ያዋጣል፤ ለእሱ ከ50 እስከ 100 እጥፍ ያህል ይበቃዋል። ሌላም ስሌት ልጨምርልህ። በቶን 2 ሚሊግራም ወርቅ ካለው ድንጋይ አንድ ቶን ወርቅ ለመሰብሰብ፣ ምንም ሳይቀር ቢለቀም እንኳ፣ ግማሽ ቢሊዮን ቶን ድንጋይ መራገፍ አለበት። ይህን ያህል ድንጋይ ማን ያራግፋል?

ባብዛኛው ውሃ ነው።

"ባብዛኛው" ያልኩት ሌሎች መንገዶችም ስላሉ ነው። ቀልጦ ያለ አለት ራሱ ማዕድን የሚለይበት ጊዜ አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ፀሐይና ዝናብም ድንጋይን አፈር ሲያደርጉ ሌላውን አጥበው ወስደው ብረትና አሉሚኒየሙን ይተዋሉ። ወደ መራዊና ወደ እንጅባራ ስትሄድ የምታየው ቀይ አፈር እንዲህ የተሠራ ነው፤ የቀላው በቀረው ብረት ነው። አንተ ግን የጠየቅከው ስለ ወርቅ ስለሆነ ከውሃው ጋር እንቆይ።

ቤትህ ያለውን የውሃ ማፍያ ክዳን ክፈትና ታችኛውን እይ። ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበታል። ያንን ነጭ ነገር ማንም አልጨመረውም። ጥርት ብሎ ከሚታየው ውሃ ውስጥ ነው የወጣው። ውሃው መሬት ውስጥ ሲያልፍ ከድንጋይ ኖራ ነገር ወስዶ ነበር። ተሟሙቶ ስለነበር አልታየህም። ስታፈላው በውሃው ውስጥ የነበረው ጋዝ ወጣ። ጋዙ ሲወጣ ውሃው ያንን ሸክም መያዝ አቃተውና ጣለው። ይህችን ማንቆርቆሪያ እንዳትረሳት። ትልልቅ የወርቅ ክምችቶች ውስጥ የምናየው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ልዩነቱ ወርቅ እንደ ኖራ ገራም አለመሆኑ ነው። ቀለበትህን ጣና ውስጥ መቶ ዓመት ብትዘፈዝፈው ወርቁ አይሟሟም። ውሃ ወርቅ እንዲሸከም መጀመሪያ መጋል አለበት። ቡና በቀዝቃዛ ውሃ እንደማይወጣው ነው፤ ምርጥ የዘጌ ቡና ቢሆንም ጀበናው ካልፈላ ጣዕሙን አይለቅም። ግን ሙቀት ብቻውን አይበቃም። አጃቢ ያስፈልጋል።

ማዕድን ውሃ ውስጥ ለብቻው አይሄድም። መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ ከጨው ጋር ተጣብቀው ይሄዳሉ። የወጥ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ማለቴ ነው። ውሃው ጨዋማና ትኩስ በሆነ ቁጥር ብዙ መዳብ ይሸከማል። ወርቅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከድኝ ጋር ነው የሚጓዘው። ፍል ውሃ አጠገብ ሄደህ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከሸተተህ፣ የወርቅ አጃቢ እሱ ነው። ልብ በል፣ ሽታው አለ ማለት ወርቅ አለ ማለት አይደለም። ሽታው ከሌለ ግን ብዙ ጊዜ ወርቁን የሚሸከመው የለም።

ውሃው ከየት ይመጣል? ከሦስት ቦታ። አንደኛው ከላይ ነው። ዝናብ ወይም የባሕር ውሃ በስንጥቅ ወደ ጥልቁ ይሰርጋል፣ ይሞቃል፣ ይመለሳል። የኛ የዋንዛዬ ፍል ውሃ የዚህ ለስላሳ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ከቅልጥ አለት ነው። ማግማ ውስጡ ውሃ አለው። እየቀዘቀዘና እየጠጠረ ሲሄድ ውሃው ማደሪያ ያጣል፤ ተገፍቶ ሲወጣ ጨውና መዳብ ይዞ ይወጣል። በቺሊ ተራሮች ያሉት ግዙፍ የመዳብ ማውጫዎች በዚህ መንገድ የተፈጠሩ ናቸው። ሦስተኛው ከድንጋዩ ከራሱ ነው። ይህኛው ብዙ ሰው ያስገርማል፤ የወንድምህ ወርቅ ግን ባብዛኛው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ሸክላ ሠሪዎች ነገሩን በእጃቸው ያውቁታል። በፀሐይ ደርቆ የተሰነጣጠቀ የሚመስል ጀበና እሳት ሲገባ ገና ውሃ ይለቃል። ውሃው በጭቃው ማዕድን ውስጥ ታስሮ ነበር። መሬት ውስጥም እንዲሁ ነው። ጭቃና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀብሮ 10 እና 15 ኪሎሜትር ሲወርድ፣ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ያሰረውን ውሃ ይለቃል። ከውሃው ጋር ድኝም ይወጣል። ድኙ ሲወጣ ወርቁን ይዞት ይሄዳል። እያንዳንዱ ድንጋይ የሚሰጠው እፍኝ የማይሞላ ነው። የተቀበረው አለት ግን ተራራ በተራራ ላይ ነው።

ይህ ውሃ ምን ያህል ወርቅ ይሸከማል? ግምት ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ቀድተው ለክተውታል። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ሊሂር የምትባል የእሳተ ገሞራ ደሴት አለች። ትልቅ የወርቅ ማውጫ አላት። ከስሯ ያለው ውሃ ዛሬም ይፍለቀለቃል። ተመራማሪዎች ከ1 ኪሎሜትር በላይ ጥልቀት ካላቸው ጉድጓዶች ውሃውን ቀድተው መረመሩት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። በአንድ ቶን ውሃ ውስጥ ወደ 15 ሚሊግራም ወርቅ ተገኘ። በዓመት ወደ 24 ኪሎ ወርቅ ከታች ወደ ላይ ይመጣል ማለት ነው። በዚህ አካሄድ እዚያ ያለው ወደ 1,300 ቶን ወርቅ ለመከማቸት 55,000 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። ለእኛ ረጅም ነው። ለመሬት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ይህንን በጣና እንለካው። ጣና ወደ 28 ኪዩቢክ ኪሎሜትር ውሃ ይይዛል። ሐይቁ በሙሉ እንደ ሊሂር ውሃ ቢሆን ኖሮ 420 ቶን ወርቅ ተሟሙቶበት ነበር። የሊሂርን ወርቅ በሙሉ ለማምጣት ደግሞ ሦስት ጣና የሚያህል ውሃ በአንድ ጠባብ ቦታ ማለፍ ነበረበት። መቼም ጣና ቀዝቃዛና ጨው አልባ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሸክም የለውም። ይህን ያሰላሁልህ የውሃው ብዛት እንዲታይህ ነው። ጥቂት ወርቅ የያዘ ብዙ ውሃ፣ በአንድ በር ሲያልፍ፣ ክምችት ይሠራል።

በሩ ስንጥቅ ነው። ትልልቅ ስንጥቆች፣ መሬት የተንሸራተተባቸው መስመሮች። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተሰማውን መንቀጥቀጥ ታስታውሳለህ። መሬት እንደዚያ ስትንቀሳቀስ ከስር ስንጥቅ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በጥልቁ ውሃው በአለት ክብደት ታፍኖ ይቆያል። ግፊቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል። አንድ ቀን ስንጥቁ ይከፈታል። ያኔ የሚሆነውን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙ ይፈላል። ከመሬት ስር ደግሞ ከሚወጣው ጋዝ ጋር የወርቁ አጃቢ ድኝም ይወጣል። ወርቁ ብቻውን ይቀራል። ብቻውን ውሃ ውስጥ መቆየት አይችልም። ይወድቃል።

እዚያው አብሮት የሚወድቅ ነገር አለ፤ ኳርትዝ የሚባለው ነጭ ጠንካራ ማዕድን ነው። ስንጥቁን ሞልቶ ይደፍነዋል። በር ተዘጋ። ግፊቱ እንደገና ይጠራቀማል፣ እንደገና ይሰነጠቃል። እንዲህ ስንጥቅ የሞላውን ኳርትዝ ጅማት እንለዋለን፤ ሰብረህ በቅርበት ብታየው ብዙ ጊዜ ንብርብር ሆኖ ታገኘዋለህ፣ እንደ እንጨት ግንድ ዓመታት። በአንድ ጅማት ውስጥ ብዙ የመንቀጥቀጥ ታሪክ ተጽፏል። እኔ ከሥራዬ ሁሉ የምወደው እሱን መቁጠር ነው።

አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ሌላም ነገር አሳይተዋል። ኳርትዝ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የእጅ ሰዓት የሚሠራው በዚህ ጠባዩ ነው። መንቀጥቀጥ ሲጨምቀው የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ወርቅን ከውሃው እየሳበ ቀድሞ በነበረ ወርቅ ላይ ሊለጥፈው እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታየ። በኳርትዝ ውስጥ ትልልቅ ጓል ወርቅ ለምን እንደሚገኝ አንዱ መልስ ሊሆን ይችላል። እኔ ዋናው መልስ ነው አልልም፤ የግፊቱ ነገር አሁንም ይበልጥብኛል። ግን የሚያምር ሥራ ነው።

ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ ይህ ሁሉ በሰው ቧንቧ ውስጥ ታይቷል። ኦሃኪ በሚባል ቦታ ለኤሌክትሪክ ኃይል ብለው ጉድጓድ ቆፍረው ፍል ውሃ ያወጣሉ። በቧንቧው ውስጥ ግፊት ድንገት የሚወርድበት የብረት ሳህን ነበር። ሳህኑ ላይ የተጋገረው ቅርፊት ወርቅና ብር ሞልቶበት ተገኘ። ያው የማንቆርቆሪያህ ነገር ነው።

ወርቅ የሚወድቅበት ሁለተኛው ምክንያት በመንገድ ላይ ብረት የበዛበት ድንጋይ ማግኘቱ ነው። ብረት ድኝን በጣም ይወዳል። ድኙን ከወርቁ ቀምቶ ፒራይት የተባለውን ቢጫ ድንጋይ ይሠራል። አጃቢውን የተቀማ ወርቅ እዚያው ይወድቃል። ፒራይቱ በኋላ ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። ወርቅ ፈላጊዎች ዝገት የመሰለ ኳርትዝ ሲያዩ የሚጓጉት ለዚህ ነው። ወንድምህን ጠይቀው፤ ይህንን ሳይማር ያውቀዋል።

ወደ መተከል እንሂድ። የምዕራቡ ድንጋይ ያረጀ ነው። ከ900 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። በዚያ ዘመን ጣናም ዓባይም ቀይ ባሕርም አልነበሩም። በቦታው ባሕር ነበረ፤ በባሕሩም የእሳተ ገሞራ ደሴቶች። ከባሕሩ ወለል ፍል ውሃ እየፈለቀ መዳብና ዚንክ ያራግፍ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር በቀይ ባሕር ወለል አትላንቲስ ሁለት በሚባለው ጉድጓድ ውስጥ አለ፤ ትኩስ ጨዋማ ውሃ ከስሩ ማዕድን የበዛበት ጭቃ አስቀምጧል። ከዚያ ባሕሩ ቀስ እያለ ተዘጋ። ሁለት አህጉራት ተጋጩ። ደሴቶቹም፣ ጭቃውም፣ የባሕሩ ወለልም ተጨፍልቀው ወደ ጥልቁ ወረዱ። እንደ ጀበናው ተጠበሱ፣ ውሃቸውን ለቀቁ። ውሃው በትልልቆቹ ስንጥቆች ወጥቶ ወርቁን ጣለ። ከሻኪሶና ከአዶላ እስከ ወለጋ፣ አሶሳና ሽሬ ድረስ የአገራችን ወርቅ የሚገኘው በዚህ ያረጀ አለት ውስጥ ነው። ያለምክንያት አይደለም።

ከዚያ ዝናብና ጊዜ መጡ። ተራራው ተሸርሽሮ ያ ጥልቅ የነበረው ጅማት ከላይ ወጣ። ኳርትዙ ተሰባበረ፣ ወንዝ ወሰደው። ቀሪውን ሥራ እንደ አውድማ ነው የምታስበው። ንፋሱ ገለባውን ይወስዳል፣ ፍሬው ከስር ይቀራል። ውሃ ሲያናፍስ ቀላሉ አሸዋ ይሄዳል፣ ከባዱ ወርቅ ይቀራል። ወርቅ እኩል መጠን ካለው ኳርትዝ ከሰባት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ወንድምህ በገበቴ የሚያደርገው ወንዙ ሲያደርግ የኖረውን ነው፤ እሱ ትንሽ ያፈጥነዋል። አንድ ነገር ግን ከልቤ ልንገርህ። ወርቁን ለመልቀም ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የሚሉትን፣ የሚጠቀም ከሆነ በዝግ ቤት ውስጥ እንዳያቃጥለው፣ ልጆች አጠገብም እንዳያደርሰው ንገረው። ጭሱ ሳይታወቅ አእምሮንና ኩላሊትን ይጎዳል።

እኛ ጋስ? ወደ አዲስ አበባ በመኪና ስትሄድ ደጀን ላይ በመስኮት በኩል ቁጭ በል። ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ተፈጥሮ ድንጋዩን ቆርጣ ታሳይሃለች። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት ነው፣ ያንተ ድንጋይ ዘመድ። ከስሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰሙ (ጀሶ የምንለው)፣ ከዚያ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ። ያረጀው አለት ከነዚህ ሁሉ ስር ነው። ባሕር ዳር ላይ የቆምከው ከክምሩ አናት ነው። ባዛልቱ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከ1 ኪሎሜትር ያልፋል። ጣና ዙሪያ ደግሞ ከዚያ በጣም ወጣት የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወርደው በእንዲህ ያለው ላይ ነው። ስለዚህ መተከል ያለው ዓይነት ወርቅ እኛ ስር የለም ብዬ አልምልም። ካለ ግን ኪሎሜትሮች ወርዶ ነው። ዶማ አይደርስበትም።

አሁን ወደ ድንጋይህ። ቀዳዳዎቹ የጋዝ ፊኛዎች ናቸው። ባዛልቱ ቀልጦ ሲፈስ ጋዙ ሊወጣ ሲታገል ደረቀበት። ባዶ ቀሩ። በኋላ ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲዘዋወር ከራሱ ከባዛልቱ ካልሲየም፣ ሶዲየምና ሲሊካ (ኳርትዝ የሚሠራበትን ነገር) ወስዶ በቀዳዳዎቹ ጣለ። ነጩ ነገር ዚዮላይት ወይም ካልሳይት የሚባል ማዕድን ሳይሆን አይቀርም። አየህ፣ እስከ አሁን ያወራሁህ ሁሉ እጅህ ላይ ባለው ድንጋይ ውስጥ በትንሹ ተፈጽሟል። ውሃ ነበረ። መንገድ ነበረ። መጣያ ነበረ። የጎደለው ሙቀቱና አጃቢው ነው። ውሃው ለብ ያለና ጨው ያነሰው ስለነበረ የወሰደው ቀላሉን ሸክም ብቻ ነው። የደላንታ ኦፓልም የዚህ የአጎት ልጅ ነው፤ እዚያም ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሊካ ወስዶ በክፍት ቦታዎች አስቀመጠው።

ባዛልት ሁልጊዜ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ላይ ኪዊናው የሚባል ቦታ አለ። የ1.1 ቢሊዮን ዓመት ባዛልት ነው፣ እንዳንተው ቀዳዳ ቀዳዳ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ግን ከነጩ ጋር ንጹሕ መዳብ ተሞልቷል፤ ከድንጋይ ያልተቀየጠ፣ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ መዳብ። እዚያ ባዛልቱ በጥልቅ ተቀበረ፣ ትኩስ ውሃ መዳቡን ከታች ይዞ ወጣ፣ ድኝም ስላልነበረ መዳቡ ብቻውን ወደቀ። የኛ ባዛልት ገና ወጣት ነው፤ ብዙው እንዲያ አልተቀበረም፣ እንዲያ አልተጠበሰም።

ሌላው በሳይቤሪያ ያለው ኖሪልስክ ነው። ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደኛ ያለ ሰፊ ባዛልት ፈሰሰ። ቀደም ብዬ ማግማ ራሱ ይለያል ያልኩህ ይኸው ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ማግማው ወደ ላይ ሲወጣ ከተሻገራቸው ድንጋዮች ድኝ ወሰደ። ድኙ ሲበዛበት እንደ ዘይትና ውሃ ተለያየ፤ ከባዱ ጠብታ ኒኬልን፣ መዳብንና ፕላቲነምን ሰብስቦ ከታች ተኛ። ድኝ ከሚሰጡ ድንጋዮች አንዱ ጂፕሰም መሰል ነው። የኛም ባዛልት ስር ጂፕሰም አለ ብዬሃለሁ። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሌላ ብዙ ነገር መገጣጠም አለበት። ግን እንደኔ ቢሆን በጣና ዙሪያ ማዕድን የሚፈልግ ወጣት ባለሙያ ወርቁን ትቶ ስለዚህ ነው ማሰብ ያለበት።

ቢጫው ነገርህ ወርቅ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። በባዛልት ውስጥ ያለው ኦሊቪን የተባለ አረንጓዴ ማዕድን ሲያረጅ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ያብለጨልጫል። ፒራይትም ሊሆን ይችላል። ራስህ ፈትሸው። በመርፌ ጫፍ ወጋ አድርገው። ወርቅ ይጎደጉዳል፣ አይሰበርም። ፒራይት ይፈረካከሳል። ከዚያ የቡና ሲኒ ገልብጥና ያልተወለወለው የታችኛው ጠርዝ ላይ ፋቀው። ወርቅ ከሆነ ቢጫ መስመር ይተዋል። ፒራይት ከሆነ ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ነው። በጥላ ውስጥም ያዘው። ወርቅ በጥላም ቀለሙ ያው ነው፤ ሌሎቹ ስታዟዙራቸው ነው የሚያብለጨልጩት።

የቀረው ጣና ስር ነው። የሐይቁ ትልቁ ጥልቀት 15 ሜትር ገደማ ነው። ወለሉ ጭቃ ነው። ጭቃውን የሚያመጡት ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ናቸው፤ አራቱም የሚፈሱት ከባዛልት ተራሮች ነው። ወርቅ የያዘ ጅማት ስላልሸረሸሩ የሚያወርዱት ወርቅ የላቸውም። ከጭቃው ስር ባዛልት፣ ከባዛልቱ ስር በደጀን መንገድ የምታየው ዓይነት ንብርብር፣ ከዚያም ስር ያ አሮጌው አለት ይቀጥላል።

ከነዚህ የጣና ወንዞች መካከል ወደዚያ አለት የሚደርሰው ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ ብቻ ነው። ከባሕር ዳር ሲወጣ በባዛልት ላይ ይሄዳል። በጢስ ዓባይ ወርዶ ሸለቆውን ይቆፍራል። በደጀን በኖራውና በአሸዋው ድንጋይ መካከል ያልፋል። ጉባ ሲደርስ፣ ግድቡ የተሠራበት ቦታ፣ ከስሩ ያለው ያ የመቶ ሚሊዮኖች ዓመት አሮጌ አለት ነው። በድልድዩ ስትሻገር የምታየው ውሃ ወንድምህ ወዳለበት አገር ሲደርስ በወርቁ ድንጋይ ላይ ይፈሳል።